ሱክሬ ላይ ደንበኛ ሆኖ መክረም፦ በቦሊቪያዋ ነጭ ከተማ ሳይቸኩሉ የመቀመጥ መመሪያ

ሱክሬ በገባሁ በሦስተኛው ቀን፣ ገበያው ውስጥ የጭማቂ መደብ ያላት ሴት ብርጭቆዬን ሞልታ ሰጠችኝ። ጠጥቼ ስጨርስ ብርጭቆውን ከእጄ ወሰደችና መፍጫው ውስጥ የተረፈውን ሳልጠይቃት ገለበጠችልኝ፤ «ያፓ» አለች። ያፓ ምርቃት ነው፤ ሽንኩርት አስመዝነን «በይ እንጂ መርቂበት!» ስንል የምትጨመረው ያቺው ነገር። ከዚያ ወዲያ «ካሴሮ» ትለኝ ጀመር፣ እኔም «ካሴራ» እላት ጀመር። ሻጭና ገዢ እርስ በርስ የሚጠራሩበት ቃል ነው፤ እኛ ግራና ቀኝ ቆመን «ደንበኛ» እንደምንባባለው።

ለሁለት ቀን ብዬ የሄድኩባት ከተማ አምስት ሳምንት አቆየችኝ። ይህ መመሪያ ደቡብ አሜሪካን ሲዞር አንድ ቦታ አርፎ መቀመጥ ላማረውና ቢያንስ ሦስት ሳምንት ላለው ሰው ነው። በሁለት ቀን ሁሉንም አይቶ መውጣት ለሚፈልግ አይረባም።

ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ነገር ብቻ ያዙ። በቦሊቪያ ሕገ መንግሥት ዋና ከተማዋ ሱክሬ ናት። መንግሥትና ፓርላማ ላፓስ ተቀምጠዋል፣ ሱክሬ የቀራት ከፍተኛው ፍርድ ቤት ነው፤ ነገሩ ዛሬም ያንገበግባቸዋል። ታክሲ ውስጥ «ዋና ከተማችሁ ላፓስ ነው አይደል?» ካላችሁ ጉዞው በዝምታ ያልቃል።

1. ወሩን ምረጡ

ወቅቱ የኛ ግልባጭ ነው። እኛ ክረምት ላይ ስንሆን እነሱ ደረቅ ፀሐይ ላይ ናቸው፤ ዝናባቸው ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ይበረታል። ለመቀመጥ የሚመቸው ከሜይ እስከ ኦክቶበር ያለው ነው። ቀኑ ብሩህ፣ ሌሊቱ ግን ብርድ ነው። ጋቢ ካላችሁ ያዙ፤ እኔ ሳልይዝ ሄጄ ሁለተኛው ሌሊት ላይ ተጸጽቻለሁ።

ሜይ 25 እና ኦገስት 6 የበዓል ቀናት ናቸው። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1809 በስፔን አገዛዝ ላይ የተነሣው ዓመፅ የሚታሰብበት፣ ሁለተኛው በ1825 ነጻነት የታወጀበት ነው። በእነዚህ ሰሞን ክፍል ቀድማችሁ ያዙ። የትምህርት ቤት የሙዚቃ ጓዶች በየመንገዱ ከበሮና ጥሩምባ ሲለማመዱ ስለሚሰነብቱ፣ ጸጥታ ፈልጋችሁ ከሆነ ሌላ ጊዜ ሂዱ።

2. ወረቀትና መንገድ

ቪዛው በያዛችሁት ፓስፖርት ይወሰናል፤ ስለዚህ ለምትኖሩበት አገር ቅርብ የሆነውን የቦሊቪያ ቆንስላ ራሱን ጠይቁ። ከኢትዮጵያ የሚነሣ ሰው ቢጫ ካርዱን እንዳይረሳ፤ የቢጫ ወባ ክትባት ማስረጃ ይጠየቃል።

ከአዲስ አበባ ቀናው መንገድ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ሳኦ ፓውሎ፣ ከዚያ ሳንታ ክሩዝ፣ ከዚያ በአጭር በረራ ሱክሬ ነው። ሳኦ ፓውሎ ላይ ሻንጣችሁን አውጥታችሁ እንደገና የምታስገቡ ከሆነ የብራዚል መግቢያ ቪዛ ያስፈልግ እንደሆነ ትኬት ሳትቆርጡ አረጋግጡ። ከሳንታ ክሩዝ በሌሊት አውቶቡስ መሄድም ይቻላል፤ ግን መንገዱ ጠመዝማዛ ነው፣ ሆዳችሁን ካልጠላችሁት በቀር በአውሮፕላን ሂዱ። የሱክሬ አየር ማረፊያ፣ አልካንታሪ፣ ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ታክሲ ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት ዋጋ ተነጋገሩ።

3. የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት፦ ምንም አትሥሩ

ሱክሬ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደብረ ብርሃን በሉት። ከአዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው ልዩነቱ እምብዛም አይሰማም። ዱባይ፣ ቴል አቪቭ ወይም ዋሽንግተን ዓመታት የተቀመጠ ሰው ግን «እኔ የደጋ ልጅ ነኝ» ብሎ በመጀመሪያው ቀን ዳገት እንዳይወጣ። ደሙ ረስቶታል። ውሃ ጠጡ፣ እራት ቀለል አድርጉ፣ አልኮል ለሦስተኛው ቀን ይቆይ። ፀሐዩም በዚያ ከፍታ ስለሚያቃጥል ባርኔጣ አይቅር።

ሆቴሎች የኮካ ቅጠል ሻይ ያቀርባሉ። እዚያ አገር ሕጋዊና እንደ ጤና አዳም ተራ ነገር ነው። ሆኖም ሻይውን የጠጣ ሰው በሽንት ምርመራ ኮኬይን ተገኘበት ሊባል ይችላል። ባሕረ ሰላጤ አገሮች የምትሠሩ ወይም ለሥራ የምትመረመሩ ካላችሁ ጨርሶ አትቅመሱት። ቅጠሉንም ሻይውንም ይዞ ከቦሊቪያ መውጣት ለማንም አይሆንም።

4. ክፍሉን በዓይናችሁ ሳታዩ የወር ኪራይ አትክፈሉ

ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ሌሊቶች ብቻ ሆቴል ያዙ፤ የወሩን ክፍል ከዚያ በእግር ዞራችሁ ፈልጉ። እኔ በፎቶ አይቼ የወር ሒሳብ ላክሁ። ፎቶው ቆንጆ ነበር፤ ክፍሉ ግን ፀሐይ የሚባል ነገር ዞር ብሎ አያየውም፣ ግድግዳው ሲዳሰስ እርጥብ ነው። ሱክሬ ውስጥ የቤት ማሞቂያ እምብዛም ስለሌለ ክፍሉን የሚያሞቀው ፀሐይ ነው። ስለዚህ ክፍል ስታዩ ከሰዓት በኋላ እዩ፤ ያኔ ብርሃን ካልገባው ተዉት።

አሮጌዎቹ ቤቶች መሐላቸው ግቢ ሆኖ ክፍሎቹ ዙሪያውን የተደረደሩ ናቸው። በግቢው በኩል የሚከፈት ክፍል ጸጥ ያለ ነው፣ በመንገዱ በኩል ያለው የሚኒባስ ድምፅ ይገባዋል። ሰፈሩን በተመለከተ፣ ከከተማዋ መሐል፣ ከሜይ 25 አደባባይ፣ ሦስት አራት ብሎክ ርቃችሁ ሬኮሌታ ወደሚባለው ኮረብታ ዳገት መነሻ ብትይዙ ጥሩ ነው። ሬኮሌታ ጫፉ ላይ ማየት ደስ ይላል፤ ሽንኩርትና ድንች ተሸክሞ በየቀኑ መውጣት ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ሻወሩን ክፈቱና ሞክሩት። ብዙ ቤት ውሃው የሚሞቀው ቧንቧው ጫፍ ላይ በተገጠመ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ነው። ምሥጢሩ ውሃውን መቀነስ ነው፤ ብዙ ከከፈታችሁት ይቀዘቅዛል፣ አሳንሳችሁ ከከፈታችሁት ይሞቃል። ውሃው እየወረደ እጃችሁን ወደ ማሞቂያው አትስደዱ። የተላጠ ሽቦ ካያችሁ ደግሞ ክፍሉ ምንም ያህል ቢያምር ሌላ ፈልጉ።

5. ገበያው ውስጥ ደንበኛ ያዙ

ሱክሬን ሱክሬ የሚያደርጋት ለእኔ ይሄ ነው። ማዕከላዊው ገበያ መርካዶ ሴንትራል ይባላል፤ ስሙ እንኳ የመርካቶ ዘመድ ነው። ከአደባባዩ በእግር ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ቀን ምንም ሳትገዙ ዙሩ። ጭማቂ ሻጮቹ ተደርድረው ከፍ ባለ መደብ ላይ ተቀምጠው ይጣራሉ። ሁሉም ያላቸው ፍሬ አንድ ዓይነት ነው፣ ስለዚህ በፍሬ አትምረጡ። ብርጭቆ እንዴት እንደምታጥብ እዩና ምረጡ። ከዚያ ወደሷ ብቻ ተመላለሱ። ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ የሚል ሰው ያፓ አያገኝም፤ ቢያገኝም በልመና ነው። ከቧንቧ ውሃ ጋር እንዳትፈጭላችሁ «ሲን አግዋ» (ያለ ውሃ) ወይም «ኮን ሌቼ» (በወተት) በሉ።

አንድ ያፈርኩበት ነገር፦ ለአንድ ብርጭቆ ጭማቂ ባለ 200 ቦሊቪያኖ ኖት አወጣሁ። ሴትየዋ ኖቱን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ ጎረቤቷን ጠራች፤ ጎረቤቷ ሌላዋን። ለኔ መልስ ሲባል አምስት ሴቶች መቀነታቸውን ፈቱ። ትልቅ ኖት ሱፐር ማርኬት ወይም ባንክ ውስጥ ዘርዝሩ፣ ገበያ በዝርዝርና በሳንቲም ግቡ። ዶላር ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ያልተቀደደ፣ ያልተጻፈበት፣ ያልተጨማደደ ይሁን፤ ጫፏ ትንሽ የተነካች ኖት እንኳ መንዛሪዎቹ ይመልሷታል።

ሰላምታ ሳትሰጡ ዋጋ አትጠይቁ። «ቡዌን ዲያ፣ ካሴራ» ብሎ መጀመር ግድ ነው፤ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም፣ ግን በእንግዳ ቋንቋ ስንጨነቅ ሰላምታው ይጠፋናል። ዋጋ መከራከር በአትክልት ላይ ብዙም አይለመድም። ዋጋ ከማስቀነስ ይልቅ ያፓ መጠየቅ ይቀናል፤ «ላ ያፓ፣ ካሴሪታ?» ስትሉ ሁለት ቲማቲም ትወረውራለች፣ ስቃም ነው።

መደቦቹ ላይ የምታገኙት ብዙ ነገር በሌላ ስም የምታውቁት ነው። ሞቴ የሚሉት ንፍሮ ነው፣ የበቆሎ። ቻርኬ ቋንጣ ነው። ቺቻ የበቆሎ ጠላ ልትሉት ትችላላችሁ። ያህዋ ደግሞ ሎኮቶ የሚባል የሚያንገበግብ ቃሪያና ቲማቲም በድንጋይ ወፍጮ ላይ ተፈጭቶ የሚሠራ ነው፤ ዳጣ የለመደ ሰው እዚህ አይቸገርም። የደረቀ ቀይ በርበሬ ዱቄት «አሂ ኮሎራዶ» ይባላል። ከሽንኩርት ጋር ደህና አድርጌ አቁላልቼ ምስር ሠራሁበት፤ ወጥ ነው ብዬ አልዋሽም፣ የናፈቀውን ሰው ግን ያስታግሳል። ቡና ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ፣ ታሽጎ ከቤታችሁ ብትይዙ አትጸጸቱም።

6. ምሳ፣ ጾምና አሳማ

ጠዋት አፒ አለ፤ ከሐምራዊ በቆሎ የሚፈላ ወፍራም ትኩስ መጠጥ ነው፣ ብርድ ላይ እጅን ያሞቃል። ረፋዱ ላይ ሳልቴኛ ይበላል። ከውጭ ሳምቡሳ ይመስላል፣ ውስጡ ግን መረቅ ነው። እንደ ሳምቡሳ መሐሉን ከነከሳችሁት ሸሚዛችሁ አለቀ። ቀጥ አድርጋችሁ ያዙት፣ የላይኛውን ጫፍ ብቻ ነክሳችሁ መረቁን ምጠጡ፣ ከዚያ ቀስ እያላችሁ ውረዱበት። ቀትር ሲሆን ያልቃል፤ ከሰዓት በኋላ የሚሸጥ ሳልቴኛ ካያችሁ የጠዋቱ ነው።

ዋናው ምግብ ምሳ ነው፤ «አልሙዌርሶ» የሚል ሰሌዳ በር ላይ ይቆማል። መጀመሪያ ሾርባ፣ ቀጥሎ ሁለተኛ ሳህን ይመጣል፣ ዋጋው ባንድ ላይ ነው። የኦቾሎኒ ሾርባ (ሶፓ ደ ማኒ) ያለበትን ቀን አትለፉ፤ ነጭ፣ ወፈር ያለ፣ አናቱ ላይ የድንች ጥብስ የተነሰነሰበት ነው።

አሳማ የማትበሉ ተጠንቀቁ። የከተማዋ ኩራት የሆኑት ሞንዶንጎ እና ቾሪሶ የአሳማ ናቸው። ሞንዶንጎ በሌላ የላቲን አገር የጨጓራ ሾርባ ስለሆነ «የዱለት ዘመድ ነው» ብላችሁ እንዳትታለሉ፤ እዚህ የአሳማ ሥጋ በቀይ በርበሬ ነው። ሊጥ ውስጥም የአሳማ ስብ ሊገባ ይችላል። «ሲን ቻንቾ» በሉ፤ ቻንቾ አሳማ ነው። «ካርኔ» ሲሉ የበሬ ሥጋ ማለታቸው ስለሚሆን፣ «ሲን ካርኔ» ብሎ ያዘዘ ጿሚ ዶሮ ይቀርብለታል። ስለዚህ ዝርዝሩን በወረቀት ጻፉና አሳዩ፦ ያለ ሥጋ፣ ያለ ዶሮ፣ ያለ አይብ፣ ያለ ወተት፣ ያለ እንቁላል። «ሲን ካርኔ፣ ሲን ፖዮ፣ ሲን ኬሶ፣ ሲን ሌቼ፣ ሲን ኡዌቮ»። ያም ሆኖ ሾርባው በአጥንት የተቀቀለ ሊሆን ይችላል። ጾሙን አጥብቆ የሚይዝ ሰው ከገበያው የባቄላ እሸት፣ በቆሎ፣ ድንችና ኪኑዋ የሚባለውን ጥቃቅን እህል ገዝቶ ራሱ ቢሠራ ይሻለዋል፤ ለዚህም ሲባል ወጥ ቤት ያለው ክፍል ተከራዩ።

7. ስፓኒሽ ተማሩ፣ ግን ጥቂት

ከተማዋ በአስተማሪ የታወቀች ናት፤ አንድ ለአንድ ትምህርት በቀላሉ ይገኛል፣ ንግግራቸውም ረጋ ያለና ጥርት ያለ ነው። ብዙ ትምህርት ቤት በቀን አራት ሰዓት ሊያስገባችሁ ይሞክራል። በቀን ሁለት ሰዓት ይበቃል። የተማራችሁትን ከሰዓት በኋላ ገበያ ውስጥ ካልተናገራችሁት የትም አይደርስም። ቀጠሮ ስትይዙ ሰዓቱን ተጠንቀቁ፦ «አ ላስ ትሬስ» ሦስት ሰዓት ነው ብላችሁ ጠዋት በር እንዳታንኳኩ፤ በእኛ ዘጠኝ ሰዓት ማለት ነው።

የአንዲስ ነባር ሕዝብ ቋንቋ የሆነውን ኬቿንም በየመንገዱ ትሰማላችሁ። ያፓ የሚለው ቃል ራሱ ከኬቿ የመጣ ነው።

8. ቀኑን እንደ ከተማው አድርጉ

ከቀትር ጀምሮ እስከ ስምንት ሰዓት ተኩል ወይም ዘጠኝ ሰዓት በኛ አቆጣጠር ሱቁ፣ ቢሮው፣ ሙዚየሙ ይዘጋል። መጀመሪያ ያናድዳል። ያን ሰዓት ጉዳይ አታስይዙበት፤ ብሉና ተኙ።

አሥር ሰዓት ገደማ ወደ ሬኮሌታ ውጡ። እ.ኤ.አ. በ1601 የተመሠረተ ገዳም አጠገቡ አለ፣ ፊት ለፊቱ ቅስት ያለው መመልከቻ። ከዚያ ላይ ነጭ ግድግዳና ቀይ የሸክላ ጣሪያ እስከ ኮረብታው ሥር ተዘርግቶ ይታያል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1991 አሮጌውን ከተማ በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ለዚህ መልኩ ነው። ሲመሽ ወደ አደባባዩ ውረዱና አንድ አግዳሚ ወንበር ያዙ። ሊስትሮዎች ይመጣሉ፤ ሉስትራቦታስ ነው የሚሏቸው፣ ሳጥኑን ጠጋ አድርገው እግር ሲጠብቁ ግን ፒያሳ ያላችሁ ይመስላችኋል።

ቤተሰብ ለመደወል ጠዋቱን ተጠቀሙ። አዲስ አበባ በሰባት ሰዓት ይቀድማል፤ ሱክሬ ቀትር ሲሆን አዲስ አበባ ምሽት አንድ ሰዓት ነው። ማታ ወንበራችሁ ላይ ተመችቷችሁ ብትደውሉ እናታችሁን ከሌሊት እንቅልፍ ትቀሰቅሳላችሁ።

9. በሳምንት አንድ ነገር ብቻ እዩ

ከዚህ በላይ ካያችሁ ጎብኚ ሆናችሁ ማለት ነው።

አንዱን ሳምንት ለካሳ ደ ላ ሊቤርታድ፣ የነጻነት አዋጁ ለተፈረመበት ቤት ስጡ። የሁዋና አሱርዱይ አፅም እዚያ ነው። ይህች ሴት እ.ኤ.አ. በ1780 ተወልዳ ስፔንን በጦር ሜዳ የተዋጋች አርበኛ ናት፤ በ1862 በሜይ 25፣ ከተማው በዓሉን በሚያከብርበት ዕለት፣ በድህነት ሞተች። አርበኞቻችን ከድል በኋላ ምን እንዳገኙ የሚያውቅ ሰው እዚህ ቆሞ ብዙ ያስባል።

ሌላውን ለሽመና ሙዚየሙ ለአሱር። በሱክሬ ዙሪያ ገጠር የሚኖሩት የሃልቃ ሰዎች ጨርቅ ቀይና ጥቁር ነው፣ እንስሳቱ ተገልብጠውና ተዘበራርቀው ይዋኛሉ፤ የታራቡኮው ደግሞ በመስመር በመስመር የተሰደረ፣ አራሽና ፈረስ ያለበት ነው። እኛ ዘንድ ሸማኔው ወንድ ነው፤ እዚህ ይህን የሚሸምኑት ሴቶች ናቸው። አንዷ ግቢው ውስጥ ሸማዋን ዘርግታ ስትሠራ ግማሽ ሰዓት ተቀመጥኩ። በደረቅ አጥንት ክሩን እየመታች ታጠብቃለች፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ጨርቁ የአውራ ጣት ስፋት እንኳ አልጨመረም። ከዚያ በኋላ ዋጋ ለመከራከር አፌ አልታዘዘኝም።

ካል ኦርኮ የሲሚንቶ ድንጋይ ሲወጣበት የተገኘ ግድግዳ ነው፤ ከ5,000 በላይ የዳይኖሰር ዱካ አለበት። ዕድሜው 68 ሚሊዮን ዓመት ይሆናል፤ ሉሲያችን እንኳ 3.2 ሚሊዮን ናት። እንስሳቱ ግድግዳ ላይ አልወጡም፤ የሐይቅ ዳር ጭቃ ነበር፣ መሬቱ ሲታጠፍ ቀጥ ብሎ ቆመ። ግድግዳው ሥር የሚወረደው በተወሰነ ሰዓት ብቻ ስለሆነ ከመሄዳችሁ በፊት ጠይቁ።

እሑድ ታራቡኮ ገበያ ይውላል፤ 65 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በማለዳ ሂዱ። የቆዳ ባርኔጣቸው የድሮ የስፔን ወታደር ራስ ቁር ቅርጽ አለው። ፎቶ ከማንሣታችሁ በፊት አስፈቅዱ፤ እምቢ ካሉ ካሜራችሁን አውርዱ።

10. ስትወጡ

ለደንበኛችሁ የምትሄዱበትን ቀን ቀድማችሁ ንገሯት፤ ሳይሰናበቱ መጥፋት እዚያም ነውር ነው። እኔ ለጭማቂ ሻጯ ከያዝኩት ቡና ጥቂት ሰጠኋት፤ አሽትታ «ፉዌርቴ» አለች፣ ኃይለኛ ነው ማለቷ ነው።

ስጦታ ካስፈለገ ቸኮሌት ግዙ፤ ሱክሬ በቦሊቪያ የቸኮሌት ከተማ ናት። ኪኑዋ ያለበትና ከኡዩኒ የጨው ሜዳ የመጣ ጨው የተነሰነሰበት አለ። ሱቅ ሳይዘጋ ከቀትር በፊት ገዝታችሁ በእጅ ቦርሳ ያዙት፤ ሳንታ ክሩዝ ቆላ ስለሆነ፣ ሻንጣ ውስጥ ያስቀመጥኩት አዲስ አበባ የደረሰው ከካልሲ ጋር ተጣብቆ ነው።